«ደህና ነኝ» ስንል ምን ማለታችን ነበር? በኮሮና ጊዜ ጤናችሁን በምን ታውቁት ነበር?

የመምህሩ ልጅ · ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ ጭስ በመስኮት ገብቶ ቀሰቀሰኝ። ልጆች ሳለን ይህ ቀን በመጣ ቁጥር እናቴ ቆሻሻውን እያቃጠለች የአያቷን ወሬ ትነግረን ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ ጠዋት እንጨት ሲለቅም የታየ ሰው በነጋታው ይቀበር ነበር አሉ። ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። «ሰዉ መታመሙን ሳያውቅ ነው ያለቀው» ትለን ነበር። ያኔ ተረት ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነበር፤ 67 ዓመቱ። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው። እኔ ሰሚት ተከራይቼ ስለምኖር በየማታው እደውልለት ነበር። ያኔ ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት ስለ ኮሮና የሚመክረው መልእክት ይቀድም እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እሱን ሰምቼ ስጨርስ አባቴ ያነሳል። «አባዬ እንዴት ነህ?» «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?» ሰባት ቀን ሙሉ ይህንኑ አለኝ። በመሐል ሲያስል ሰምቼ ስጠይቀው «ብርድ ናት፤ እናትህ ዳማከሴ ጨምቃልኛለች» አለ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ሚያዝያ 2013 ነው፤ ለጽኑ ሕሙማን አልጋና ኦክስጅን ፍለጋ ሰው ከተማውን የሚዞርበት ጊዜ። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጋዜጣ ያነባል። ከንፈሩ ግን ቀለም የነካው ይመስል ጠቁሯል። ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ አብራኝ ነበረችና የኦክስጅን መለኪያዋን ጣቱ ላይ አደረገችለት። 76። ተበላሽቷል ብለን በእኔ ጣት ሞከርነው፤ 95። መልሰን በእሱ፤ 76። እሱ ከመነጽሩ በላይ እያየን «ምን ሆናችኋል? ደህና ነኝ እኮ» ይለናል። አልጋ እስኪገኝ ሦስት ቦታ ዞርን። በ11ኛው ቀን አረፈ።

ሦስት ዓመት ተኩል ሆነው። ሐዘኑ ቀስ በቀስ ቀለል ብሎልኛል። ያልለቀቀኝ ግን ለምን ዋሸኝ የሚለው ነው። ሰባት ማታ ጠየቅኩት፤ ሰባት ማታ ደህና ነኝ አለኝ። አንዱን ማታ እንኳ እውነቱን ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ እቆጥራለሁ።

እናንተ በዚያ ዘመን ጤናችሁን በምን ታውቁት ነበር? ታማችሁ ደህና ነኝ ያላችሁ፣ ወይም ደህና ሆናችሁ የታመማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ወለላ · ከጠዋቱ 3፡25

ነፍስ ይማር ወንድሜ። የእኔን ልንገርህ።

2013 ጥቅምት ላይ ነው። እሑድ ጎረቤት ሰብስቤ ቡና እቆላለሁ። ቡናው ቦግ ብሎ ሲጨስ እንደ ወጉ መቁያውን ይዤ ዞርኩ። ሁሉም ጭሱን በእጁ ወደ ራሱ እየሳበ «እሰይ፣ ምን ዓይነት ቡና ነው!» ይላል። እኔም ሳብኩ። ምንም። ጎንበስ ብዬ አፍንጫዬን አስጠጋሁት፤ ጭሱ ዓይኔን አቃጥሎ እንባ አወረደው፣ ሽታ ግን የለም። ልወቅጥ የገባሁ መስዬ ጓዳ ገባሁና የበርበሬውን ዕቃ ከፈትኩ፤ አስነጠሰኝ እንጂ አልሸተተኝም። ላምባ አሸተትኩ፤ ውኃ በለው። ነጭ ሽንኩርት በጥርሴ ነከስኩ፤ አቃጠለኝ እንጂ ጣዕሙ የለም።

ትኩሳት የለኝ፣ ሳል የለኝ፣ ጠዋት ልብስ አጥቤ ነው የመጣሁት። አንድ ሰው ጤናሽ እንዴት ነው ቢለኝ ያለ ማመንታት ደህና ነኝ ነበር የምለው። አፍንጫዬ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ከዚያ ያደረግኩት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል። ወጥቼ አልነገርኳቸውም። ኮሮና አለባት ተብዬ በግቢው መጠቆሚያ መሆን ፈራሁ። ማስኬን አጥብቄ ለስድስት ሰው ቡና ቀዳሁ። ከመካከላቸው አንዷ ስኳር ያለባቸው እናት ነበሩ። ምንም አልሆኑም፤ እኔ ግን ሁለት ሳምንት በራቸው ላይ ድምፃቸውን እያዳመጥኩ ነው የከረምኩት።

ሜክሲኮ አደባባይ · ከጠዋቱ 4፡05

እኔ የተገላቢጦሹ ነኝ። ባንክ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ ከተነገረ ጀምሮ እያንዳንዱ ብር በእጄ ሲያልፍ በሽታው አብሮ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት ዓይኔን ከመግለጤ በፊት ምራቄን እውጣለሁ፤ ጉሮሮዬን ለማየት ነው። ከዚያ ትንፋሼን ይዤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ያኔ በቴሌግራም «አሥር ሴኮንድ ሳያስልህ ከያዝክ ነፃ ነህ» የሚል ነገር ይዞር ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሐሰት ነው ቢልም እኔ በቀን ሃያ ጊዜ እይዝ ነበር። ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብቼ እይዛለሁ። ያን ያህል ጊዜ ትንፋሽ የሚይዝ ሰው ደረቱ መጨነቁ አይቀርም። ደረቴ ሲጨንቀኝ ይኸው መጣ እላለሁ።

የባሰው ደግሞ መከላከያው ነው። ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል፣ በባዶ ሆድ ጠዋትና ማታ። በሦስት ሳምንት ጨጓራዬ ተነሳ። ማታ ስተኛ ደረቴን ያቃጥለኛል፤ እሱን ደግሞ የሳንባ ምልክት አደረግኩት። ለማቃጠሉ ፌጦ እጨምራለሁ። ይህን ዛሬ ስጽፈው ግልጽ ነው፣ ያኔ ግን አንድም ቀን አልታየኝም።

ሦስት ጊዜ ተመርምሬ ሦስቱም ነፃ ነው የተባልኩት። ውጤቱ የሚያሳርፈኝ እስከ ማታ ብቻ ነበር፤ ማታ የጤና ሚኒስቴር የዕለቱን ቁጥር ያወጣል፣ ከዚያ ቁጥር ውስጥ አንዱ እኔ ነኝ ብዬ አድራለሁ። ዋሽቼ አይደለም። በእውነት ይሰማኝ ነበር፤ ድካሙ፣ ቁርጥማቱ፣ ሁሉም። የተሻለኝ ባለቤቴ ስልኬን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መቀበል ስትጀምር ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም · ከቀኑ 6፡30

ወንድሜ የመምህሩ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። በ2012 እና 2013 የኮቪድ ሕሙማን ሳክም ነው የቆየሁት። ጽሑፍህን በምሳ ሰዓት አነበብኩትና ሳልመልስ መቀመጥ አልቻልኩም።

አባትህ አልዋሸህ ይሆናል።

ላስረዳህ። ትንፋሽህን ስትይዝ የሚያፍንህ በዋናነት ኦክስጅን ስላለቀብህ አይደለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተጠራቀመብህ ነው። አንጎላችን «ታፈንኩ» የሚለው ይበልጡን እሱን እየለካ ነው። ኮቪድ የሳንባን አንዳንድ ክፍል ሲያበላሽ በዚያ በኩል ኦክስጅን ወደ ደም መግባት ያቅተዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን በቀረው ጤነኛ ክፍል መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የደሙ ኦክስጅን እየወረደ ሰውዬው መታፈን አይሰማውም። በዕድሜ የገፉ ሰዎችና የስኳር ሕሙማን ላይ ደግሞ ይህ ስሜት ይበልጥ ይደክማል። በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ፤ መለኪያው 70 እያሳየ በስልክ ስለ ዕቁብ የሚከራከሩ አባት አስተኝቻለሁ። «እኔን ተዉኝና ያንን የሚያቃስተውን እዩት» ይሉኝ ነበር። የሚያቃስተው ልጅ 93 ነበር።

ስለ መለኪያውም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ዛሬም ቤቱ አለውና። ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ጥፍር ቀለም ሲኖረው ንባቡ ይሳሳታል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ንባቡ ባሕር ዳርቻ ከሚታየው ትንሽ ዝቅ ማለቱም ያለ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላሉ ሰዎች የተጻፈ ምክር አንብበው 94 አየሁ ብለው በሌሊት የመጡ ጤነኞች ነበሩ። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 2020 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እንዳወጡት፣ መለኪያው ደህና እያለ ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የጎደለ ሕሙማን ከነጮች ይልቅ በጥቁሮች ዘንድ ሦስት እጥፍ ገደማ ይበዙ ነበር። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው ጥሩ ካልመሰለህ ሰውየውን እመን የምንለው ለዚህ ነው።

የመምህሩ ልጅ · ከቀኑ 7፡10

ዶክተር፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሆስፒታል ውስጥ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ጊዜም አልነበራቸውም፣ አልፈርድባቸውም። አንድ ልጠይቅዎ፤ መታፈኑ ባይሰማው ድካም እንዴት አይሰማውም?

የውስጥ ደዌ ሐኪም · ከቀኑ 7፡35

ድካሙ ሳይኖር አይቀርም። ግን በ67 ዓመት ሰው ድካምን በሽታ አይለውም፣ ዕድሜ ነው የሚለው። ወይም ብርድ። ወይም ጾም። ያ ሳምንት ሁዳዴ ነበር አይደል?

የመምህሩ ልጅ · ከቀኑ 7፡38

ሕማማት ሊገባ ሳምንት ነበር የቀረው። ይጾም ነበር።

የድሮው ሰው · ከቀኑ 8፡15

ልጆቼ፣ እኔ 74 ዓመቴ ነው፤ አንዳንዱ ነገር ስላላማረኝ ልናገር።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሐኪም ወረቀት አይደለም። ምስጋና ነው። እግሩ የተቆረጠም ሰው እንዲህ ይላል፤ ማለትም አለበት። ስንታመም እንኳ «አሞኛል» ለማለት ሰው የምንመርጠው ሕመም ሲጠሩት ስለሚሰማ ነው። አባትህ አንተን በሌሊት ከሰሚት ሽሮ ሜዳ እንዳያስሮጥህ ብሎ ቢሆንስ? ያ ውሸት ነው?

ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ ቆጠራ ሰዉን አሳምሞታል። ሜክሲኮ አደባባይ ያለው ልጅ ምስክሬ ነው። በ2014 ታኅሣሥ ግቢያችን ውስጥ ያልተኛ ሰው አልነበረም። ጉንፋን ነው አልን፣ ምች ነው አልን፣ ዳማከሴና ጤና አዳም ታጠንን፣ በሳምንት ተነሣን። ማንም ኮሮና ነው ብሎ ስላላስፈራራን ይመስለኛል የዳንነው።

ወለላ · ከቀኑ 8፡40

አባቴ፣ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ እቀበልዎታለሁ፤ ምስጋና መሆኑ እውነት ነው። ሁለተኛው ላይ ግን ፈቃድዎ ይሁንና፣ የታኅሣሡ ኦሚክሮን ነበር። ቀለል ያለ ዝርያ ነው፤ ሰዉም ቀድሞ የያዘው ወይም የተከተበ ነበረበት። ስሙን ስላልጠራነው አይደለም የለቀቀን። እኔም ጎረቤቶቼ ፊት ስሙን አልጠራሁትም፤ የስኳር ሕመምተኛዋን እናት ያዳናቸው ዝምታዬ ሳይሆን የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

የድሮው ሰው · ከቀኑ 8፡52

ይሁን ልጄ። ያን ቡና ግን መንገር ነበረብሽ።

ወለላ · ከቀኑ 8፡54

አዎ አባቴ።

ቀበሌ ለቀበሌ · ከቀኑ 9፡30

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። በ2012 ሚያዝያ ቤት ለቤት እየዞርን ሙቀት ስንለካና ስንጠይቅ ከነበሩት አንዷ ነኝ። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ ትኩሳት፣ ሳል፣ የመተንፈስ ችግር ያለበት አለ ወይ፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ አለ ወይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የገባሁባቸው ቤቶች በሙሉ አንድ መልስ ነው የሰጡኝ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን።» ከበሩ ወደ ኋላ ደግሞ ሳል ይሰማል።

አልፈርድባቸውም። ያኔ በሽታው የተገኘበት ሰው ምልክት ኖረውም አልኖረውም በአምቡላንስ ወደ ማዕከል ነበር የሚወሰደው፤ ቤት ውስጥ ተለይቶ መታከም የመጣው በኋላ ነው። ተከራይ ከሆነ ደግሞ ሲመለስ ቤቱን ላያገኘው ይችላል። የዕለት ሥራ ያለው ሰው ለ14 ቀን ቢገባ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ስለዚህ «ደህና ነኝ» ለእኔ ስለ ሳንባው የሚነግረኝ ነገር አልነበረም። ስለ ቤት ኪራዩ ነበር የሚነግረኝ።

ቀስ በቀስ አጠያየቄን ለወጥኩ። ቅጹን አጥፌ ቁጭ እላለሁ፣ ስለ ውኃው መጥፋት እናወራለን፣ ከዚያ «ማታ ማን ሲያስል አሳደራችሁ?» እላለሁ። ሰው ስለ ራሱ አይናገርም፤ ስለ ሌላው ግን ወዲያው ነው። «እሱ ነዋ! ሌሊቱን ሙሉ!» ትላለች ሚስት። «ዛሬ ምሳውን ያልጨረሰ ማን ነው?» ስል ልጆቹ አያታቸውን ይጠቁሙኛል። «ሁልጊዜ የምታደርጊው ሆኖ ዛሬ የተውሽው ምንድን ነው?» ስል ደግሞ አንዲት እናት ዝም ብለው ቆዩና «ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፤ ዳገቱ ከበደኝ» አሉኝ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ደህና ነኝ ብለውኝ ነበር። ወደ ምርመራ የላክኋቸው በዚያች ዳገት ምክንያት ነው፤ ተገኘባቸው፣ ድነውም ተመለሱ።

ሲልቨር ስፕሪንግ · ከምሽቱ 12፡20

እዚህ ሜሪላንድ በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ነኝ፤ ማታ ማታ የኅብረተሰብ ጤና እማራለሁ። ይህ የምታወሩት ነገር በትምህርታችን የራሱ ቦታ አለው። «በአጠቃላይ ጤናዎን እንዴት ያዩታል?» የሚል አንድ ጥያቄ አለ፤ ከ«እጅግ በጣም ጥሩ» እስከ «መጥፎ» አምስት መልስ አለው። እንደ አውሮፓውያን በ1997 ኢድለርና ቤንያሚኒ የተባሉ ተመራማሪዎች 27 ጥናቶችን ገምግመው፣ ሰው ለዚህች አንዲት ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ማን ቀድሞ እንደሚሞት ይጠቁማል፤ የሐኪም ምርመራው ከግምት ገብቶ እንኳ መልሱ የራሱ ክብደት አለው አሉ። ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ኮሮና ሲመጣ ግን መልሱ እንግዳ ሆነ። በ2020 ጸደይ ጀርመን ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሲጠየቅ 32 በመቶው ጤናዬ ከበፊቱ ተሻሽሏል አለ። በወረርሽኝ መካከል! በዚያው ጥናት ከ60 ዓመት በታች ባሉት ላይ ጭንቀትና ድብርት ጨምሮ ነበር። ብዙ ሲታሰብበት ከቆየ በኋላ የእኔ ግምት ይህ ነው፤ ሰው ጤናውን የሚለካው ከጎኑ ካለው ጋር ነው። በየቀኑ በቴሌቪዥን ኦክስጅን የተሰካለት ሰው እያየ ወገቡን ማን ያስታውሰዋል?

ይህን የምለው በራሴ ስላየሁት ነው። በዚያ ሚያዝያ ከምንከባከባቸው አረጋውያን በአንድ ኮሪደር ዘጠኝ ሞቱብን። ሌሊት ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስቀመጥ ጉልበቴ አብጦ፣ ፊቴ በማስክ ቆስሎ፣ እንደዚያን ጊዜ ጤነኛ የሆንኩ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ማፈር ነበር። በጉልበቴ ሐኪም ጋ የሄድኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ለምን ቆየሽ ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

የእኛ አገር አረጋውያን ግን ከአምስቱ መልስ አንዱንም አይመርጡም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ አስተርጓሚዋ «ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች።

ከሪያድ የተመለሰች · ከምሽቱ 1፡45

እኔ ረጅም አልጽፍም። ሰው ቤት ነበር የምሠራው። ማዳም ጠዋት ጠዋት ፊቴን ታይ ነበር፤ ስትጠይቀኝ «ደህና ነኝ» ማለት ሥራዬ ነበር። ያመመኝ ጊዜ ሳሌን በትራስ አፍኜ ነው ያደርኩት፣ ድምፄ እንዳይሰማ። ትኩሳቱ ሲበዛብኝ ምድጃው አጠገብ ቆሜ አበስላለሁ፤ ላቤን ከምድጃው ነው እንዲሉ። አገሬ ስገባ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ 14 ቀን ለየብቻችን አቆዩን። አንዲት ልጅ ቅጽ ይዛ መጥታ «የሚያምሽ ነገር አለ?» አለችኝ። ያን ቀን ምንም አላመመኝም ነበር። ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀስኩባት፣ ከጥርሴ እስከ እግሬ ያለውን ሁሉ ነገርኳት፣ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረውንም ጭምር። ቀበሌ ለቀበሌ፣ እህቴ፣ አንቺን የመሰለች ናት።

የመምህሩ ልጅ · ከምሽቱ 3፡15

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። የዶክተሩን መልስ ለእናቴ አነበብኩላት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ቀበሌ ለቀበሌ የጻፈችውን አነበብኩላትና ጥያቄውን ጠየቅኳት፦ በዚያ ሳምንት አባዬ ሁልጊዜ የሚያደርገው ሆኖ የተወው ነገር ነበር ወይ?

ነጠላዋን አስተካከለች። ብዙ ቆየች።

«በረካ ተወ» አለችኝ።

አባቴ ቡና ሲፈላ ከበረካ በፊት ተነሥቶ አያውቅም፤ እንግዳ ቢጠራው እንኳ «በረካዬን» ይል ነበር። ማክሰኞ ቶናውን ጠጥቶ «ጋደም ልበል» ብሎ ተነሣ አለች። ረቡዕም። ሐሙስ አቦሉን ብቻ። «እኔ ደግሞ ጾሙ ነው ብዬ ሲኒውን አጥቤ አስቀመጥኩት» አለችኝ።

እሷም ሦስት ዓመት ተኩል ይህን ለብቻዋ ይዛ ኖራለች። ስልኩን ከእጄ ወስዳ «አልዋሸህ ይሆናል» የምትለዋን መስመር እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችው። አሁን እዚሁ ነኝ፤ ዛሬ እዚህ አድራለሁ። ቡና አፍልታ አቦሉንም ቶናውንም ጠጥተናል፣ ጀበናው እንደገና ተጥዷል።

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።